ከሱሉልታ ሆነን የቤዝቦል ቡድን እናዋቅር፦ ለአዲስ ሲዝን 26ቱን ሰዎች የመምረጫ ዝርዝር መመሪያ

እዚህ ሱሉልታ ስፖርት ማለት ሩጫ ነው፤ ከሩጫ ቀጥሎ እግር ኳስ። ቤዝቦል የሚከታተለው ሰው በጣት ይቆጠራል። የሚከታተለው ግን ሱስ ይዞታል። የኒውዮርክ የማታ ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ይጀምራል። የሎስ አንጀለሱ ደግሞ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ነው፣ አትሌቶቹ ለልምምድ በሚወጡበት ሰዓት። በዚህ ሁኔታ ሲዝኑን ሙሉ ልከታተል የሚል ሰው ወይ ሥራ የለውም ወይ ትዳር የለውም።

ስለዚህ እኛ ሌላ ዘዴ አለን። ጨዋታ በማይኖርበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ከሰሜን አሜሪካው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ከሜጀር ሊግ፣ 30 ቡድኖች አንዱን እንመርጣለን። ከዚያ ሥራ አስኪያጅ ሆነን ለመጪው ሲዝን ተጫዋቾቹን እናዋቅራለን። ማን ይቆያል፣ ማን ይሰናበታል፣ ማን ይመጣል። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ ስልክና ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ብዙ ትሰርዛላችሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጥሩ ዝርዝር ከመጥፎው የሚለየው በላይኞቹ ዘጠኝ ሰዎች አይደለም። ከ27ኛው እስከ 40ኛው ባሉት ነው። የሎስ አንጀለስ ኤንጅልስን ተመልከቱ። ከ2018 እስከ 2023 ማይክ ትራውትንና ሾሄይ ኦታኒን አንድ ላይ ይዞ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዘመኑ ከነሱ የሚበልጥ ተጫዋች ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በስድስቱም ዓመት ግን ቡድኑ አንድም ጊዜ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ዙር፣ አልገባም። ካሸነፈው የተሸነፈው ያልበለጠበት ዓመትም አልነበረም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የእግር ኳሱን ልማድ አውልቁ

እኛ የለመድነው የዝውውር ገበያ እዚህ አይሠራም። ክለብ ለክለብ 50 ሚሊዮን ከፍሎ ተጫዋች አይገዛም። ውሉ ያላለቀ ተጫዋች የሚገኘው በዋናነት በልውውጥ ነው፤ ሰው ሰጥታችሁ ሰው ትወስዳላችሁ። ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገርም የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው። ዋናው ልዩነት ግን የጨዋታው ብዛት ነው። በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ። አሰልጣኙ 11 ምርጥ ሰዎቹን እያሰለፈ የሚዘልቅበት ሊግ አይደለም። ሰው ይደክማል፣ ይጎዳል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል።

ሁለት ዝርዝሮችን ለይታችሁ ያዙ። የመጀመሪያው የ26 ዝርዝር ነው፤ በዕለቱ መጫወት የሚችሉት እነዚህ ናቸው። እስከ 2019 ቁጥሩ 25 ነበር። ከ26ቱ ፒቸሮች፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎች፣ ከ13 መብለጥ አይችሉም። ሁለተኛው የ40 ዝርዝር ነው። እዚህ ውስጥ 26ቱም አሉ። የቀሩት 14 አብዛኛውን ጊዜ ማይነር ሊግ፣ ማለትም በታችኞቹ ቡድኖች፣ ሆነው ጥሪ ይጠብቃሉ። በ40ው ላይ ስሙ የሌለ ሰው ዋናው ቡድን ውስጥ አይጫወትም። እሱን ለማስገባት ከ40ው አንድ ሰው መውጣት አለበት። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ የቀን መቁጠሪያውን ወደ እኛ ቀን ቀይሩ

ዋንጫው ወርልድ ሲሪስ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ያልቃል። ኅዳር 10 ግድም፣ በሌላ ቡድን እንዳይወሰዱ የምትፈልጓቸውን ወጣቶች ወደ 40ው ማስገቢያው ቀን ነው። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ደግሞ ለነባር ተጫዋቾች ውል እንሰጣለን ወይም አንሰጥም የሚባልበት ቀን ይመጣል። በኅዳር መጨረሻ የሥራ አስኪያጆቹ ትልቁ ስብሰባ ይካሄዳል። ጥር ላይ የደመወዝ ግልግል፣ ማለትም ቡድኑና ተጫዋቹ ያልተስማሙበትን ደመወዝ ሦስተኛ ወገን የሚወስንበት፣ ይጀመራል። የካቲት መጀመሪያ ፒቸሮችና ካቸሮች፣ ማለትም የተወረወረውን ኳስ ተቀባዮች፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ወዳሉት የልምምድ ካምፖች ይገባሉ። ሲዝኑ የሚከፈተው ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ነው።

እነዚህን ቀኖች ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ሥራውን በቅደም ተከተል ካልሠራችሁት ትርጉም የለውም። ኅዳር ላይ የለቀቃችሁትን ልጅ የካቲት ላይ አታገኙትም።

ደረጃ 2፦ አርባውን ሰው ጻፉ

የመረጣችሁት ቡድን ድረ ገጽ ላይ የ40ው ዝርዝር አለ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ስጡት። ስሙን፣ ቦታውን፣ በየትኛው እጁ እንደሚመታና እንደሚወረውር፣ ዕድሜውን፣ ደመወዙንና የቀረውን ውል ጻፉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስንት ኦፕሽን እንደቀረው።

ኦፕሽን ላይ ትንሽ እንቆይ። ጀማሪዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከመምታት ችሎታ እኩል አየዋለሁ። ኦፕሽን ያለው ተጫዋች ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ማይነር ሊግ ሊያወርዱት የሚችሉት ነው። አንድ ተጫዋች 40ው ውስጥ ከገባ በኋላ በተለምዶ ሦስት የኦፕሽን ዓመት ይኖረዋል። በአንድ ሲዝን በድምሩ 20 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ታች ከቆየ አንዱ ዓመት ይቆጠርበታል። በዚያው ዓመት ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ ማውረድ ይቻላል። የወረደ ፒቸር ለ15 ቀን፣ ሌላው ተጫዋች ለ10 ቀን ተመልሶ መምጣት አይችልም። ዋናው ልዩነት የተጎዳ ሰው ሲተካ ነው።

ኦፕሽኑ ያለቀበትን ሰው ማውረድ ከፈለጋችሁ በዌቨር ማለፍ አለበት። ያን ጊዜ ሌሎቹ 29 ቡድኖች እኛ እንውሰደው የማለት ዕድል ያገኛሉ። ደህና ተጫዋች ከሆነ ይወስዱታል። ስለዚህ ኦፕሽን የሌለው ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ 26ቱ ውስጥ መቀመጥ ወይም ከእጃችሁ መውጣት።

ከእኛ ጋር የሚቀመጡ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ ቤዝቦል የሚያውቁት ከእኛ የሰሙትን ነው። ኦፕሽኑን ግን ከሁላችንም ቀድመው ነው የገባቸው። አንዱ ጓደኛችን፣ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እኮ በጣም ይወረውራል፣ እንውሰደው» ሲላቸው፣ «ይወርውር፤ የማታወርደውን ሰው ስንት ታስቀምጣለህ? እስካሁን አምስት አስቀምጠሃል» አሉት። ልክ ነበሩ። ማውረድ የማይቻለው ሰው ሲበዛ ቡድኑ ይደርቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሲዝን ወቅት ከባድ ጉዳት የደረሰበት ተጫዋች የ60 ቀን የጉዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከ40ው ላይ ይነሳል፤ ቦታው ለሌላ ይሆናል። ወርልድ ሲሪስ ሲያልቅ ግን ያ ዝርዝር ይዘጋና ሁሉም ተመልሰው 40ው ላይ ይቆጠራሉ። ኅዳር ላይ ስትቆጥሩ ሰዉ 44 ቢሆንባችሁ አትደንግጡ። አራት ሰው መውጣት አለበት ማለት ነው። ያ የ60 ቀን ዝርዝር እንደገና የሚከፈተው የካቲት ላይ፣ ካምፕ ሲገባ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዎቹን በደመወዝ ክፈሉ

ተጫዋቾች በአገልግሎት ዘመን ሦስት ቦታ ይከፈላሉ። አንድ የአገልግሎት ዓመት 172 ቀን ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቡድኑ የሰጠውን ይቀበላል፤ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ደመወዝ። ለ2026 ይህ 780,000 ዶላር ነው። (በብር ልመታው ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩት።) ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለው በግልግል ይደራደራል፤ ደመወዙ በየዓመቱ ይጨምራል። ሁለት ዓመት አልፎት ሦስት ካልሞላው ውስጥም ብዙ ያገለገሉት 22 በመቶ ከእነዚህ ጋር ይደመራሉ። ስድስት ዓመት የሞላውና ውሉ ያለቀ ደግሞ ፍሪ ኤጀንት ነው፤ የፈለገው ቡድን ይሄዳል።

እኛ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ቡድን ነው የምንይዘው። ሀብታሙን ቡድን ማዋቀር አያስደስትም። የተጫዋች በጀታችሁ 120 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። አምስት ነባሮች 62 ሚሊዮን ይወስዳሉ። ስድስት የግልግል ተጫዋቾች 24 ሚሊዮን። የቀሩት 15 ሰዎች በዝቅተኛው ደመወዝ 11.7 ሚሊዮን። ድምሩ 97.7 ነው። 22.3 ሚሊዮን ተረፈ። ከዚህ ላይ 5 ሚሊዮን ለሐምሌ አስቀምጡ፤ ሰው ሲጎዳ ለመተካትና በልውውጥ ለሚመጣ ሰው። የምትገበያዩበት እንግዲህ 17 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ሰባራ ሳንቲም ሳታስቀሩ 17ቱን በአንድ ሰው ላይ ማፍሰስ ያጓጓል። በየመንደራችን የምናየው ነው፤ ለአጥሩ የብረት በር አሠርቶ ጣሪያው ቆርቆሮ ያልለበሰ ቤት። 17ቱን ቢያንስ ለሦስት ክፈሉት። ኦክላንድ በ2002 በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ 103 ጨዋታ አሸነፈ። ኒውዮርክ ያንኪስ ያንኑ ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍሎ ያሸነፈው እኩል 103 ነው።

በግልግል ውስጥ ላለ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ይህን ሰው ዛሬ ፍሪ ኤጀንት ሆኖ ባገኘው በዚህ ዋጋ እወስደዋለሁ? መልሱ አይደለም ከሆነ ኅዳር ላይ ውል አትስጡት። ፍቅር እዚህ ቦታ የለውም። ሀብታም ቡድን የያዛችሁ ደግሞ የቅንጦት ግብሩን አትርሱ። ለ2026 ጣሪያው 244 ሚሊዮን ነው። ካለፋችሁት በትርፉ ላይ መጀመሪያ 20 በመቶ ትከፍላላችሁ፤ በተከታታይ ዓመት ካለፋችሁ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 50 ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ከፒቸሮቹ ጀምሩ

አብዛኛው ሰው ከመቺዎቹ ይጀምራል፣ ሆም ረን፣ ማለትም ከአጥር ውጭ የምትወጣ ምት፣ ደስ ስለሚል። እኔ የምጀምረው ከፒቸር ነው። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ጨዋታ 9 ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱም ቡድኖች በተራ የሚመቱባቸው ዙሮች፣ አለው። በ162 ስታባዙት 1,458 ይመጣል። ሜዳው የራሳችሁ ሆኖ እየመራችሁ ከሆነ የመጨረሻው ግማሽ አይጫወትም፤ ተጨማሪ ኢኒንግ የሚሄድም ጨዋታ አለ። ሲጣጣ 1,440 አካባቢ ነው። ይህን ያህል ኢኒንግ የሚወረውር ክንድ ማግኘት አለባችሁ።

አሁን አምስት ስታርተር፣ ማለትም ጨዋታ የሚጀምሩ ፒቸሮች፣ አላችሁ። በደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ የምትጠብቁትን ኢኒንግ ጻፉ፤ የምትመኙትን አይደለም። ያለፉትን ሦስት ዓመታት አይታችሁ። ለምሳሌ 180፣ 165፣ 145፣ 120፣ 90። ድምሩ 700 ነው። «አምስቱም 180 ይወረውራሉ» ያለ ሰው የቅርቡን ቤዝቦል አያውቅም። በ2024 በመላው ሊግ 200 ኢኒንግ የደረሱት አራት ፒቸሮች ብቻ ነበሩ።

በመሃል እየገቡ የሚወረውሩ ስምንት ሪሊቨሮች አላችሁ። እያንዳንዳቸው 60 ቢወረውሩ 480 ነው። ከ700 ጋር 1,180። ጎደለ 260። ይህን 260 ኢኒንግ የሚወረውረው ማን ነው? በመክፈቻው ቀን ስሙ 26ቱ ውስጥ የሌለ ሰው ነው። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው ስታርተር። ከትሪፕል ኤ፣ ከማይነር ሊጉ የመጨረሻ ደረጃ፣ እየተመላለሰ የሚወረውር ሪሊቨር። ከ25 በላይ ፒቸር ሳይጠቀም ሲዝን የሚጨርስ ቡድን ዛሬ ብርቅ ነው። እንግዲህ ከላይ ስለ 27ኛው ሰው ያልኩት ይሄው ነው።

የክርን ጅማት ጉዳት በተለይ አስቡበት። ለዚህ ጉዳት የሚደረገውን ቀዶ ጥገና ዶክተር ፍራንክ ጆብ መጀመሪያ የሠሩት በ1974 ነው። ተጫዋቹን አድኖታል፤ ሥራ አስኪያጁን ግን ከ12 እስከ 18 ወር ያለ ፒቸር ያስቀረዋል። የትኛው ፒቸር ይጎዳል የሚለውን መገመት አይቻልም። አንዱ እንደሚጎዳ ግን ቁረጡት። እዚህ አገር ያለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ማራቶን የሚሮጥ አትሌት በየሳምንቱ ማራቶን እንደማይሮጥ እናውቃለን።

ስለዚህ ፒቸር ስትመርጡ እንዲህ አድርጉ። ከስምንቱ ሪሊቨሮች ቢያንስ ሦስቱ ኦፕሽን ያላቸው ይሁኑ። ማታ ሁለት ሰው ብዙ ወርውሮ ሲደክም፣ ጠዋት ላይ አንዱን አውርዳችሁ ትኩስ ክንድ ታመጣላችሁ። ከሪሊቨሮቹ አንዱ ሦስት ኢኒንግ መሸከም የሚችል ይሁን። ከ2020 ጀምሮ የገባ ፒቸር ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ አለበት። ስለዚህ አንድ ግራ እጅ መቺ ብቻ አስወጥቶ የሚወጣ ስፔሻሊስት ቦታ አትስጡ። ለክሎዘሩ፣ ማለትም የመጨረሻውን ኢኒንግ ለሚዘጋው፣ ትልቅ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሰባተኛው ስታርተር ማን እንደሆነ ስሙን ጥሩ። ካልቻላችሁ ገንዘቡ ወደዚያ ይሂድ።

እንደ ኦታኒ የሚመታም የሚወረውርም ሰው ካላችሁ ደግሞ ሌላ ነው። ሊጉ ባለሁለት ሚና ብሎ ያጸደቀው ተጫዋች ከ13ቱ ፒቸሮች ላይ አይቆጠርም። 14ኛ ክንድ አገኛችሁ ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ግን በየቀኑ አይወለድም።

ደረጃ 5፦ መሃሉን አጽኑ

ከፒቸር ቀጥሎ የሜዳው መሃል ይመጣል። ካቸር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው ሾርትስቶፕ፣ ሰከንድ ቤዝና ከኋላ መሃሉን የሚሸፍነው ሴንተር ፊልድ። እነዚህ ቦታዎች ላይ መከላከል የሚችል ሰው ጥቂት ነው። በትንሹ እየመታ በደንብ የሚይዝ ሾርትስቶፕ ይበቃኛል። ጥሩ መቺ ሆኖ ኳስ የሚያፈስ ሾርትስቶፕ ግን ፒቸሮቼን ይገድልብኛል።

ካቸር ሁለት ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ትሪፕል ኤ ይቀመጥ። ካቸር ሁሌ ቁጢጥ ብሎ ስለሚውል በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ማረፍ አለበት። ስትመርጡ ሁለት የሕግ ለውጦችን ግምት ውስጥ አስገቡ። በ2023 ቤዞቹ፣ ማለትም ሯጩ የሚረግጣቸው ማረፊያዎች፣ ሰፉ፣ ፒቸሩም ሰዓት ተቆጠረበት። የተሰረቁ ቤዞች፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ሯጩ ሮጦ የያዛቸው፣ በ2022 ከነበሩበት 2,486 በአንድ ዓመት ወደ 3,503 አሻቀቡ። ስለዚህ ጠንካራ ክንድ ያለው ካቸር ዋጋው ጨምሯል። በ2026 ደግሞ የዳኛውን የኳስና የስትራይክ ውሳኔ፣ ማለትም ውርወራው በተፈቀደው ክልል አልፏል (ስትራይክ) ወይስ አላለፈም የሚለውን፣ በካሜራ ማስመርመር ተፈቅዷል። ኳሷን በዘዴ ስቦ ስትራይክ የሚያስመስለው ካቸር እንደ ድሮው አያዋጣም። ይልቁንም መቼ መቃወም እንዳለበት የሚያውቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ ካቸር ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ጠርዞቹና ተቀያሪዎቹ

ፈርስት ቤዝ፣ ሌፍት ፊልድና መምታት ብቻ የሚሠራው ሰው ቦታ ለመሙላት ቀላሎቹ ናቸው። መቺ ብዙ አለ። ብዙ ገንዘብ አታውጡ። አንድ ውድ መቺ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ርካሽ ሰዎችን አጣምሩ፤ አንዱ በግራ የሚመታ፣ ሌላው በቀኝ። መቺ በተቃራኒ እጁ የሚወረውርበትን ፒቸር ሲገጥም በአብዛኛው ይሻለዋል። ቀኝ ወርዋሪ ሲመጣ ግራ መቺው ይግባ፣ ግራ ሲመጣ ቀኙ።

ከ13ቱ ፒቸር ያልሆኑ ሰዎች ዘጠኙ ይሰለፋሉ፤ አራቱ ተቀያሪ ናቸው። ሁለተኛው ካቸር፣ ሾርትስቶፕን ጨምሮ የትም የሚጫወት አንድ ሰው፣ ሴንተር ፊልድ መሸፈን የሚችል አንድ፣ እና አንድ መቺ። አለቀ።

ደረጃ 7፦ ሜዳችሁን እወቁ

ቡድን ሲዋቀር ግማሹ ጨዋታ የሚካሄድበት ሜዳ ከግምት መግባት አለበት። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ሩቅ ትበራለች፣ የምትታጠፍ ውርወራም በደንብ አትታጠፍም። እዚያ መሬት ለመሬት ኳስ የሚያስመታ ፒቸርና ሰፊ ሜዳ የሚሸፍን ሯጭ ትፈልጋላችሁ። በኤፕሪል 2023 ሳን ዲየጎና ሳን ፍራንሲስኮ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ 2,240 ሜትር አካባቢ፣ ሲገናኙ የመጀመሪያው ጨዋታ 16 ለ 11 አለቀ። በዚያ አንድ ጨዋታ ብቻ 11 ሆም ረን ተመታ።

ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ሜዳ ቢሠራ ኳሷ እንጦጦን ተሻግራ አዲስ አበባ የምትገባ ይመስለኛል። አንዳንዴ ለቀልድ «የሱሉልታ ቡድን» እያልን እናዋቅራለን። ሁልጊዜ የሚያልቅብን ፒቸር ነው።

ደረጃ 8፦ ክፍተቱን ሙሉ

አሁን ጉድለታችሁን ታውቃላችሁ። ከርካሹ ወደ ውዱ ሂዱ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ትሪፕል ኤ እዩ። ደርሶ የሚጠብቅ ልጅ ካለ ከውጭ ሰው አታምጡ። ቀጥሎ ዌቨር ላይ የወጡትን ተመልከቱ፤ ሌላው ቡድን ቦታ አጥቶ የጣለው ለእናንተ ሊበጅ ይችላል። ከዚያ በማይነር ሊግ ውል የሚፈርሙ ነባሮች አሉ፤ ካምፕ ይጋበዛሉ፣ ካልሆኑ ትሸኟቸዋላችሁ። 40ው ላይ ቦታ ስለማይይዙ እነዚህን አብዟቸው።

ሩል ፋይቭ የሚባለው ምርጫም አለ። ቡድኑ 40ው ውስጥ ያላስገባውን፣ በማይነር ሊግ አራት ወይም አምስት ዓመት የቆየ ልጅ በ100,000 ዶላር መውሰድ ትችላላችሁ። ችግሩ ሙሉውን ሲዝን 26ቱ ውስጥ ማቆየት አለባችሁ፤ ማውረድ አይቻልም። ካልቻላችሁና ሌላ ቡድን ካልወሰደው፣ የቀድሞ ቡድኑ በ50,000 ሊመልሰው ይችላል። በዚህ መንገድ ፒትስበርግ ሮቤርቶ ክሌመንቴን በ1954 አገኘ። ጆሃን ሳንታናም በ1999 እንዲሁ ነው ወደ ሚኒሶታ የደረሰው። ተስፋ የማይጣልበት ቡድን ካላችሁ ሞክሩት። ለዋንጫ የምትጫወቱ ከሆነ ግን አንዱን የ26 ቦታ አስራችሁ ለስድስት ወር አትዘልቁም።

ልውውጥና ፍሪ ኤጀንት መጨረሻ ላይ ይምጡ። በልውውጥ ስትሰጡ ከተትረፈረፋችሁ ቦታ ስጡ፤ ስድስት ስታርተር ካላችሁ አንዱን ሳይሆን አራተኛ ሌፍት ፊልደራችሁን። ለፍሪ ኤጀንት ደግሞ ዕድሜን እዩ። 33 ዓመት የሆነው ሰው ለአምስት ዓመት ሲፈርም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የምትከፍሉት ለስሙ ነው።

ደረጃ 9፦ ድምሩን ፈትሹ

ዋር የሚባል መለኪያ አለ። አንድ ተጫዋች፣ በዝቅተኛ ደመወዝ ከታች ከሚመጣ ማንኛውም ሰው ይልቅ ስንት ድል እንደሚጨምር ይገምታል። ሙሉ ቡድኑ በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ቢሞላ 48 ጨዋታ ያህል ያሸንፋል ተብሎ ይታሰባል። 90 ማሸነፍ ከፈለጋችሁ የሰዎቻችሁ ዋር ተደምሮ 42 አካባቢ መሆን አለበት። ከ48 በታች መውረድ ይቻላል ወይ? ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 አሳይቶናል፤ 41 አሸንፎ 121 ተሸነፈ።

ድምሩን ስትሠሩ ለላይኛው ሰው አትለግሱ፣ ለታችኛው አትንፈጉ። ከዚያ አንድ ፈተና አድርጉ። ከምርጥ ተጫዋቾቻችሁ ሁለቱን ሰርዙና ተተኪያቸውን አስገብታችሁ እንደገና ደምሩ። 90 የነበረው 86 ከሆነ ጥሩ ሠርታችኋል። 80 ከወረደ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።

ደረጃ 10፦ ካምፑና የመጨረሻው ቀነሳ

የካቲትና መጋቢት ላይ የልምምድ ጨዋታ ውጤት እያያችሁ አትሳቱ። አንዱ ልጅ አምስት ሆም ረን ቢመታም ማን ላይ እንደመታው እዩ፤ ብዙ ጊዜ ትሪፕል ኤ የሚመለስ ፒቸር ላይ ነው። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፤ የፒቸሩ ፍጥነት ካለፈው ዓመት ወርዷል ወይ፣ እና ማን ተጎዳ። ሌላው ወሬ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለትና ሦስት ቦታዎች ስትወስኑ ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን የኦፕሽን ዓምድ መልሳችሁ አውጡ። ሁለት ሰዎች እኩል ከሆኑ፣ ኦፕሽን የሌለውን 26ቱ ውስጥ አቆዩ፣ ያለውን አውርዱ። ሁለቱም እጃችሁ ላይ ይቆያሉ። ያወረዳችሁት በትንሹ ቢሻልም እንኳ እንዲህ አደርጋለሁ። በማይነር ሊግ ውል የመጡት ነባሮች ብዙዎቹ ካልተካተትኩ ልሂድ የሚል አንቀጽ አላቸው፤ ቀኑን አስቀድማችሁ ጻፉት። ለረጅም ጊዜ የማይመለሰውን ጉዳተኛ የ60 ቀን ዝርዝር ውስጥ አስገቡና የ40ውን ቦታ ለሌላ ስጡ። ቦታ ጠፍቶ አንድ ሰው ከ40ው መውጣት ካለበት ከተነሳ በኋላ ሰባት ቀን አላችሁ። በዚያ ውስጥ ወይ ትለውጡታላችሁ፣ ወይ በዌቨር ታሳልፉታላችሁ፣ ወይ ትለቁታላችሁ።

ከዚያ 26ቱን በንጹህ ገጽ ጻፉ። ከሥሩ መስመር አስምሩና ከ27ኛው ጀምሮ ማን መጀመሪያ እንደሚጠራ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ፒቸር ሲጎዳ እነማን፣ ካቸር ሲጎዳ ማን፣ ሾርትስቶፕ ሲጎዳ ማን። እኛ ደብተር ስንገመግም የምናየው ይህን ሁለተኛውን ገጽ ነው።

ሲዝኑ ከተጀመረ በኋላ በወር አንድ ጊዜ እያወጣችሁ ከእውነተኛው ቡድን ጋር አስተያዩት። ለሐምሌ ያስቀመጣችሁት 5 ሚሊዮን የልውውጡ በር ሳይዘጋ ሥራ ላይ ይዋል። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ዝርዝሩ ወደ 28 ከፍ ይላል፤ ፒቸርም 14 ይደርሳል። ለፕሌይኦፍ የምታስቡትን ሰው ግን እስከ ኦገስት 31፣ በእኛ ነሐሴ 25፣ ቡድናችሁ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው ፕሌይኦፍ ላይ አይሰለፍላችሁም።